የደራሲው ፒፓ

ደራሲው በጽሕፈት ክፍሉ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። ፒፓው ጥርሶቹ መካከል ተሰክቷል፤ ልክ መጽሐፎቹ ጀርባ ላይ እንዳለው ፎቶ። በር ላይ የቆመው ፖሊስ «ልቡ ናት፤ እያጨሰ አሸለበ» ብሎ ነገሩን ዘግቶት ነበር። መርማሪዋ ግን የሟቹን ከንፈር ገለጠች። በልዟል፤ ጥርሱ ላይም የሶፋው ትራስ ቀይ ክር ተጣብቋል።

«አፍነውታል» አለች።

ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። ቤት ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው፤ ሚስቱ፣ አሳታሚው፣ እና ደራሲው በመጽሐፎቹ የፈጠረውን ፒፓ አጫሽ መርማሪ ለዓመታት በሬዲዮ የተጫወተው ተዋናይ።

«ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ከገጸ ባሕርዩ ጋር» አለ አሳታሚው። «በሚቀጥለው መጽሐፍ ሊገድለው ነበር። የእኔንም የዚህንም ሰው ጉሮሮ ሊዘጋ!»

ተዋናዩ አገር በሚያውቀው ጎርናና ድምፁ «እኔ ሥራ አላጣም» አለ።

«ተው እንጂ ወንድሜ» አለች ሚስትየዋ። «ሰው ገበያ ላይ እንኳ በገጸ ባሕርዩ ስም አይደል የሚጠራህ?»

መርማሪዋ መልስ አልጠበቀችም። ምንጣፉ ላይ የተቃጠሉ የክብሪት እንጨቶች ተበትነዋል። የፒፓው ትምባሆ ላዩ ብቻ ጠቁሯል። ፒፓውን አራግፋ በሚነከሰው ጫፍ በኩል እፍ አለችበት። ጉንጮቿ ተነፉ፤ ትንፋሽ ግን አላለፈም።

ሦስቱንም ሬሳው ፊት አስቀመጠቻቸው።

«እመቤቴ፣ ባለቤትዎ ያጨሱ ነበር?»

«እሱ? አስም ይዞት! ሻማ ሳጠፋ እንኳ ደጅ ይወጣ ነበር።»

«ፒፓውን ያሠራሁት እኔ ነኝ» አለ አሳታሚው አንገቱን ሰብሮ። «ለፎቶ ብለን ነው። አናጢ ላዩን ብቻ የቦረቦረው፣ አንገቱ ድፍን የሆነ እንጨት ነው።»

«ገዳዩ ግን ይህን አላወቀም» አለች መርማሪዋ። «ሲያጨስ የሞተ ለማስመሰል ክብሪት በክብሪት ላይ ጫረ፤ አልያዝለት ሲል የተደፈነ መስሎት አፉ ላይ ሰክቶት ወጣ። የሟቹ ሚስት ታውቃለች፤ አሳታሚው አሠርቶታል። ደግሞ እዚህ ቤት ትምባሆ የለም። ትምባሆው የመጣው ከአጫሽ ኪስ ነው።»

ሁሉም ወደ ተዋናዩ ዞሩ። እጁ የካፖርቱን ኪስ ጨብጧል።

«መጽሐፉ ጀርባ ፎቶው ላይ ያጨሳል እኮ...» አለ። ከዚያ ጮኸ፤ «ገጸ ባሕርዩ ከሞተ እኔ ማን ነኝ?»

ሚስትየዋ ዓይኗን ከባሏ ሳትነቅል ተናገረች።

«በመጽሐፉ ሊገድለው ሞክሮ አንጀቱ እምቢ አለው። ዛሬ የጠራህ፣ መርማሪህ በሕይወት ይኖራል ሊልህ ነበር።»

ተዋናዩ አፉን ከፈተ። ያ ድምፅ አልወጣም።