የሻረ ቁስል ምስክር

ንጉሥ አርማስ በግብር አዳራሹ ተቀምጦ ሳለ በአንገቱ ላይ ያለው መስመር ተበጠሰ። ሰይፍ አልነካውም። ከአገጩ በታች እንደ ሐብል የዞረው ጥቁር ንቅሳት ውኃ እንደነካው ቀለም ደፍርሶ ተንሰራፋ፤ የተገናኙት ጫፎቹም ተለያዩ፤ ንጉሡም ሊሞት እያጣጣረ ተዘረረ። በዚያችው ቅጽበት ሐይቀ አዝመር ከዳር እስከ ዳር ተንተከተከ። ዓሦቹ ተቀቅለው ተንሳፈፉ። ከውኃው ሥር የተኛው አውሬ፣ በሕይወት ያለ ሰው ያላየው ገሞር፣ በእንቅልፉ ተገላበጠ።

በሰንደራ መንግሥት ንቅሳት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ማሰሪያ ነው። በቆዳ ላይ የተነቀሰ ይታሰራል፤ ንቅሳቱ ሲጠፋ የታሰረው ይፈታል። የሞተበትን ዘመድ መልክ መርሳት የሚፈራ ሰው መልኩን በገላው ላይ ያስነቅሳል፤ ያ ንቅሳት ከጠፋ ግን ትዝታውም አብሮ ይሄዳል። ገሞርን አስሮ የያዘውም በነጋሢው አንገት የሚዞረው ያ አንድ መስመር ነበር። አሁን መስመሩ በንጉሡ አንድ ልጅ፣ በልዕልት ዝናሟ አንገት ላይ ፈጥኖ ካልተነቀሰ ሐይቁ ከተማዋን ይውጣል።

ማን ይንቀሳት? መኳንንቱ ለዚህ መልስ አላጡም፤ ሊቀ ነቃሾች ቀጸላ ነው አሉ። የሰንደራ መኳንንት በቅሎ ሲገዙ ከንፈሯን ገልጠው ጥርሷን ያያሉ፤ ሰኮናዋን አንስተው ይመረምራሉ። እስከ መቃብር ለሚሸከሙት የገዛ ቆዳቸው ግን ነቃሽ የሚመርጡት በድንኳኑ ሐር ነው። የንጉሡን መስመር አምና ያደሰው ይኸው ቀጸላ መሆኑን ያነሳ አንድ አፍ አልተገኘም።

ዝናሟ ወደ ድንኳኑ ገባች፤ ያየችውም አፏን አስያዛት። ቆነጃጅት በሁለት ረድፍ ቆመዋል። በክንዳቸው ወይን ይሳባል፤ በጀርባቸው ወፎች ይበርራሉ፤ ቅቤ የጠጣው ገላቸው በፀሐይ ያብረቀርቃል።

«ሊቀ ነቃሾች ሆይ፣ ሥራህ ያስደንቃል» አለች። «አሁን ደግሞ የሻረውን አሳየኝ።»

«የሻረውን፣ ልዕልት ሆይ?»

«ከዓመታት በፊት የነቀስካቸውን። እነዚህ ሁሉ የሰሞኑ ናቸው፤ የአንዳንዶቹ ቅርፊት እንኳ ገና አልረገፈም።»

ቀጸላ ፈገግ አለ። «የአምናን ዳቦ ለእንግዳ የሚያቀርብ ማን አለ?»

«አባቴ የአምና ዳቦህን በአንገቱ ተሸክሞ እየሞተ ነው» አለችው። ወደ መኳንንቱም ዞራ ማለች፦ «በአባቴ አንገት እምላለሁ፤ ሽሮ ያረጀ ሥራውን ሳላይ የማንንም መርፌ ቆዳዬን አላስነካም።»

ሌላ ነቃሽ ፍለጋ ስትወጣ አብሯት የወጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጋሻ ጃግሬዋ ናደው። ሚስቱ ብርቄ ዝናሟን ያሳደገች ሞግዚት ነበረች፤ ከሞተች ወዲህ ናደው መልኳን በደረቱ ላይ አስነቅሶ ይኖራል። ሲያዝንም ሲደሰትም እጁ ወደዚያ ይሄዳል።

በየመንደሩ ዝናሟ ስለ ነቃሽ አልጠየቀችም፤ ሽማግሌዎችን ነበር የምትፈልገው። የጀልባ ቀዛፊዎችን ክንድ አየች፤ የባልቴቶችን ድድ አስገልጣ አየች። አብዛኛው መስመር በድንጋይ ላይ እንደ በቀለ ሽበት ተንሰራፍቷል። አንበሳ ተብሎ የተነቀሰው ድመት፣ ድመት ተብሎ የተነቀሰው ጭቃ ሆኗል።

«እመቤቴ፣ ነቃሽ ፍለጋ የወጣን መስሎኝ ነበር» አላት ናደው። «ለካ የአሮጊት አንገት ልንቆጣጠር ኖሯል።»

«ነቃሽ ስለ ራሱ ይናገራል፤ ያረጀ ቆዳ ነው የሚመሰክርበት» አለችው።

በጨው ሸለቆ አህያዋን የምትጭን አንዲት አሮጊት አገኙ። አንገቷ እንደ ደረቀ ወንዝ ተሸብሽቧል። በዚያ ሽብሽብ መካከል ግን እንደ ጠጉር የቀጠነ መስመር ሳይደበዝዝ ዞሮ ጫፍና ጫፉ ገጥሟል። ዝናሟ ሳታውቀው ተንበረከከች። አሮጊቷ ሙሽራ ሳለች በቀንደ ነፋስ ገደል አናት የምትኖር ሙዳይ የተባለች ነቃሽ እንደ ነቀሰቻት ነገረቻቸው። መጀመሪያ ስትሄድ ምን እንደምትፈልግ በውል ስላላወቀች «ሄደሽ አስቢበት» ብላ እያስለቀሰች እንደ መለሰቻትም አልሸሸገችም። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ገደሉን የሚጠብቁት ቀለም ጠጪ ንቦች መሆናቸውን፣ ከሰው ገላ ላይ ንቅሳትን መጥጠው ባዶ እንደሚያስቀሩ አስጠነቀቀቻቸው።

ናደው ደረቱን በወፍራም ጭቃ ለስኖ ወጣ። ገደሉ ደመናውን ሰንጥቆ የቆመ ጥቁር ግንብ ነው። ንቦቹ እንደ ከሰል ጠቁረው፣ ድምፅ የሚባል ሳይሰጡ፣ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥለዋል። ጭቃውን አሽትተው አለፉት፤ ንቅሳት የሌላትን ዝናሟንም አልነኳትም።

ሙዳይ የጥላሸት ማሰሮዋን ታቅፋ ከዋሻዋ ደጅ ተቀምጣ ነበር። ዝናሟ የአባቷን መስመር መበጠስ ነግራት፣ ከድንኳኑ ይዛ የወጣችውን ቀጸላ የነደፈውን ብራና ዘረጋችላት፤ መስመሩ በአበባና በወፍ ታጅቧል።

«ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» አለች ሙዳይ። «አበባ ከሆነ የምትፈልጊው፣ አንቺ ልጅ፣ ቀጸላ ከእኔ ይሻልሻል። ተመለሽ።»

ዝናሟ ብራናውን አጠፈችው። «የምፈልገው አርጅቼ ቆዳዬ ሲሸበሸብ ጫፎቹ ሳይለያዩ የሚቆይ መስመር ነው።»

«እሱን አውቃለሁ» አለች ሙዳይ፤ መርፌዋንም አነሳች። «መርፌ ከጠለቀ ጥላሸቱ ሥጋ ውስጥ ይፈስሳል፤ ካነሰም ከቅርፊቱ ጋር ይረግፋል። የአባትሽ ነቃሽ ጥቁረቱ ቶሎ እንዲታይለት አጥልቆታል።»

ጫፉ ከጫፉ ሲገጥም ገደሉ ከሥሩ ተነቃነቀ። ነገር ግን መስመሩ የሚያስረው ነጋሢዋ ሐይቁ ዳር ስትቆም ነው። ከገደሉ አናት ሲያዩ ውኃው የከተማዋን የውጭ በር አልፏል፤ ቁስሉ እስኪሽር የሚጠበቅበት ጊዜ የለም። ሙዳይ ትኩስ ቁስል በጭቃ ቢለሰን መግሎ መስመሩ እንደሚበላሽ ነገረቻቸው። ናደው ይህን ሰምቶ ኮዳውን ውኃ ሞላ።

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ የንቦቹ መጋረጃ ትኩሱን ቀለም አሽትቶ ወደ ዝናሟ አንገት ታጠፈ። ናደው ከኮዳው ውኃ በደረቱ ላይ አፈሰሰ። ጭቃው ወረደ፤ የብርቄ ፊት በፀሐዩ ወጣ። ለቀለም ጠጪዎች የቆየ ንቅሳት እንደ ቆየ ጠጅ ነው፤ ሁሉም ወደ እርሱ ዞሩ።

«ናደው፣ ተው!»

«ሩጪ፣ እመቤቴ። ብርቄ ብትኖር ድረስላት ነበር የምትለኝ።»

የብርቄን ስም አውቆ የጠራው ያን ጊዜ ለመጨረሻ ነበር።

ዝናሟ ሐይቁ ዳር ስትደርስ ገሞር ራሱን አውጥቶ ነበር። ጀርባው ደሴት ያክላል፤ ከቅርፊቱ የሚወርደው ውኃ እንደ ፏፏቴ ያስገመግማል፤ በዐይኑ ውስጥ ከተማዋ ከነግንቧ ትታያለች። ጦሩ በግንባሩ ተደፋ። እርሷ ብቻ ሻሿን ፈታ አንገቷን አሳየችው። መስመሩ እንደ ጠፍር ሲጠብቅባት ተሰማት። ያ ግዙፍ ፍጥረት ትንፋሹን ዋጠ፤ ራሱን ዝቅ አደረገ፤ እንደ ደከመው በሬም ቀስ ብሎ ሰመጠ። ውኃው ወደ ዳሩ ተመለሰ።

መኳንንቱ ቀጸላን ባከበሩበት ችኮላ ሊሰቅሉት ተነሡ፤ አሁንም ያረጀ ሥራውን እንይ ያለ የለም። በሟች አባቷ ዙፋን የተቀመጠችው ንግሥት ዝናሟ ከለከለች፤ ከሐሩ ድንኳን ደጅ ግን የሻሩ ንቅሳቶቹን የተሸከሙ ሰዎች ከትኩሶቹ ጎን እንዲቆሙ አዘዘች።

ሐይቁ ጸጥ ሲልና ቁስሏ ሲሽር አንገቷን በጭቃ ለስና፣ ናደውን ይዛ፣ ወታደሮች አስከትላ ወደ ሙዳይ ወጣች። ደረቱ እንደ ሕፃን ገላ ባዶ ነበር።

«ምን ልንቀስህ?» አለችው ሙዳይ።

«የሚስቴን መልክ። ሚስት እንደ ነበረችኝ ነግረውኛል።»

«ምን ትመስል ነበር?»

ናደው ባዶ ደረቱን ቁልቁል አየ። ዝናሟ ልትመልስለት ስትጀምር ሙዳይ እጇን አነሳች። «የምትነቀሺው አንቺ አይደለሽም» አለቻት። ወደ ናደው ዞራም፦ «ወንድሜ፣ በሰው አፍ የመጣ መልክ አልነቅስም። ልብህ ውስጥ ሲገባ ይዘኸው ና፤ መርፌዬ ይጠብቅሃል።»

ቁልቁለቱን መውረድ ጀመሩ። መሐል ላይ ንግሥቲቱ ቆመች።

«ስትስቅ አፍንጫዋን ትሸበሽብ ነበር» አለችው።

«እንዴት አድርጋ?»

የሰንደራ ንግሥት፣ ገሞርን ያሰረችው፣ በወታደሮቿ ፊት አፍንጫዋን ሸበሸበች። ናደው መንገዱን ትቶ ትክ ብሎ አያት፤ እጁም ቀስ ብሎ ወደ ባዶ ደረቱ ሄደ።

«እስቲ ድገሚልኝ» አላት።