የተረፈችው ጠጠር

«አንድ ተረፈች» አሉ በር ጠባቂዋ እማማ።

በቅጥነቷ ጭራሮ የሚሏት ልጅ ከተማሪዎቹ መሃል ቀና አለች። ተራራው ላይ ያለውን ጥንታዊ መንደር የሚጎበኝ ሁሉ ሲገባ አንድ ጠጠር በሩ አጠገብ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያኖራል፤ ሲወጣ ያነሳል። እዚያ ጉም ሳይታሰብ ስለሚወርድ ድንጋዩ ባዶ ሳይሆን በሩ አይዘጋም። አሁን ተማሪው ሁሉ ወጥቷል፤ አንዲት ጠጠር ግን ቁጭ ብላለች።

«ሃያ ሦስቱም እዚህ ናቸው» አለ የታሪክ መምህሩ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ቆጥሮ።

«እርስዎ ልጅ ይቁጠሩ፤ እኔ የምቆጥረው ጠጠር ነው። ዛሬ ደግሞ ከእናንተ ሌላ የገባ የለም» አሉና እማማ የቀረውን ለመፈለግ ገመዳቸውን ከግድግዳው አወረዱ።

ጭራሮ ጓደኛዋን ቀደዳን አየችው። ስሙ ያለ ነገር አልወጣለትም፤ ሳይዋሽ ከዋለ ያመዋል። ጠዋት ለቀልድ ሁለት ጠጠር ሲያኖር ያየችው እሷ ብቻ ናት።

«ዝም በይ» አላት በሹክሹክታ። «ስሜን ካነሳሽ ተቆራረጥን።»

እማማ ወደ ጉሙ ዞረው ተጣሩ። «ማነው የቀረው?»

ከፈራረሱት ቤቶች መሃል አንድ ድምፅ መለሰ። ቃሉ አይለይም። የገደል ማሚቶ ነው እንዳይባል፣ እማማ ዝም ካሉ በኋላም ቀጠለ። መሳቅ የጀመረ አንድ ልጅ ሳቁን ዋጠው።

እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። መንገዱ ደግሞ ላይኛው በኩል ስለተናደ የሚያልፈው በገደል አፋፍ ነው። ጭራሮ አሰበች፤ በሰው ቀልድ አሮጊቷ ገደል ቢገቡስ? የመጣው ይምጣ ብላ ሄዳ እጅጌያቸውን ያዘች።

«እማማ፣ አይሂዱ። ማንም የለም። ቀደዳ ጠዋት ሁለት ጠጠር አኑሮ ነው።»

ሁሉም ወደ ቀደዳ ዞሩ። ፊቱ አመድ መስሏል። እጁን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋ፤ መዳፉ ላይ ሁለት ጠጠሮች አሉ።

«እንዳልያዝ ፈርቼ ስወጣ ሁለቱንም አነሳሁ» አለ። «ያቺ የእኔ አይደለችም። እውነቴን ነው።»

ጭራሮ አመነችው። ባታምነው ደስ ባላት ነበር። ድምፁ እንደገና ተሰማ፤ አሁን ቀረብ ብሏል።

«ማንም ይሁን ማን፣ ጠጠር ካለ ሰው አለ» አሉ እማማ፣ ገመዱን ወገባቸው ላይ እያሰሩ። መምህሩ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ኔትወርክ ይፈልጋል።

ጭራሮ የገመዱን ሌላ ጫፍ አነሳች። በበሩ ምሰሶ ላይ ሁለት ጊዜ አዙራ ጠመጠመችውና እግሯን አንፈራጣ ቆመች።

«ይሂዱ እማማ» አለች። «እኔ ይዤዋለሁ።»

ቀደዳ ከኋላዋ መጣና ገመዱን ያዘ።