ቀድሞ ያደማ

ዓይን ሲደክም ሌባ ይደፍራል። ይመናሹን የደፈራት ሌባ ድኩላ ነበር። ባሏ ፈንቴ ከሞተ ወዲህ ወንዙ ዳር ያለውን የበቆሎ ማሳዋን ማማ ላይ ወጥታ በእሱ ጠመንጃ ስትጠብቅ ኖራለች፤ ጎተራዋ ጎድሎ አያውቅም። ዘንድሮ ግን አፈሙዙና ድኩላው ተደባልቀው እንደ ጉም ይታዩዋት ጀመር። ተኩሳ ትስታለች፤ ድኩላው ቀና ብሎ ያያታል፤ ከዚያ እንደተጋበዘ እንግዳ ተመልሶ ይበላል። እሱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የባሏ ወንድም ጫኔም ማሳውን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ማየት አብዝቷል።

«እትዬ፣ ይሄ ዓመት ከተበላብሽ መሬቱን እኔ ልረሰው፤ አንቺም ከተማ ልጅሽ ዘንድ ግቢና እረፊ» አላት።

«በልጅ ቤት ጥግ ይዤ ቁራሽ ከምጠብቅ እዚሁ ማማዬ ላይ አሞራ ይብላኝ» አለችው።

ቅዳሜ ገበያ ወጣች። የእጅ ባትሪ፣ ኮርቻና የጥይት ቀበቶ የሚሸጠው እንዳልክ ሦስት የጠመንጃ መነጽሮች ባንኮኒው ላይ አወጣላት።

«ይሄ ዘጠኝ እጥፍ ያቀርባል፣ እማማ። ማዶ ተራራው ላይ ያለ ዝንጀሮ ቅንድቡን ይቆጥሩለታል።»

«ዝንጀሮውን ልድረው ነው ቅንድቡን የምቆጥርለት? ድኩላው ያለው በቆሎዬ ውስጥ ነው። ዋጋውስ?»

ዋጋውን ሲነግራት የአንድ በሬ ነበር። ገፋ አድርጋው ሁለተኛውን አነሳች። እሱ ደግሞ ዓይኗን ካላስጠጋችው አያሳይም፤ ጠመንጃው ሲራገጥ ቅንድቧን እንደሚተረትረው ለማወቅ መተኮስ አላስፈለጋትም። ሦስተኛው አጭር ነው፤ ጥቁር ቀለሙ ተፋፍቋል፤ አፍንጫዋ ላይ ሲደርስ ዝናብ የመታው የመቃብር አፈር ይሸታል።

«ይሄስ?»

«እሱ ይቅርብዎት። አንድ አዳኝ አስይዞት ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ርካሽ ነው፤ ግን አልመክርዎትም።»

«ምከረኝ አልኩህ?»

ወዲያው አልገዛችም። ድኩላ በምሳ ሰዓት አይመጣም ብላ ደጁ ላይ ባለው ድንጋይ ተቀመጠች፤ እንዳልክ ሱቁን ልዝጋ እያለ ሲያጉረመርም እሷ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቀች። ሲጨላልም ሦስቱንም በየተራ ወደ መንገዱ አዞረች። ሁለቱ ውድ መነጽሮች ጥላሸት የጠጡ ይመስል ጠቆሩ። በርካሹ ውስጥ ግን ከመንገዱ ጫፍ የቆመው አህያ ጆሮው ላይ ያለው ቁስል፣ ቁስሉ ላይ ያረፈው ዝንብ ሳይቀር ታያት። ዓይኗን ስታነሳ ጨለማ ነው፤ ስትመልስ ብርሃን ነው። ብርሃኑ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ደግ ነበር። ርካሽ ያገኘ ሰው ግን ጥያቄ አያበዛም።

በማግስቱ ጠመንጃ ጠጋኙ በብረት ቀለበትና በቡሎን አሰረላት። ማሳዋ ጫፍ ድንጋይ ላይ ቅል አስቀምጣ ተኮሰች፤ ጥይቱ መሀሉን በሳው። ደገመች፤ ያው። ከፈንቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ቀን ስቃ አታውቅም።

ማታውኑ፣ ሰማዩ ገና ደም መስሎ ሳለ፣ አንድ ወንድ ድኩላ ከወንዙ ወጥቶ ቀኝ ጎኑን ሰጣት። ትከሻው ሥር አነጣጥራ ምላጩን ሳበች። ወደቀ። ቢላዋ ይዛ ሮጠች፤ እግሩ ገና ይንቀጠቀጣል፤ በስመ አብ ብላ ጉሮሮውን አረደችው። ደም አልወጣም። እግሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ እያያት፣ ጠብታ ደም አልወጣም። ትከሻውን ዳሰሰች፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ከግራ ጆሮው ሥር ግን ትንሽ ቀዳዳ ነበረች፤ ዙሪያዋን ደሙ ከደረቀ ቆይቶ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል።

ተኩሱን ሰምቶ የመጣው ጫኔ ጎንበስ ብሎ አየና ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«እትዬ፣ ይሄ ያንቺ ጥይት አይደለም። አንቺ በቀኙ ነበርሽ። ይሄ ከወንዙ ማዶ የመጣ ነው።»

«ሌላ ተኩስ ሰማህ?»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ ምን ትቀባጥራለህ? መነጽሩ ጠማማ ነው፤ በቃ።»

«ሕጉን ታውቂዋለሽ። የድኩላ ባለቤት የገደለው አይደለም፣ ቀድሞ ያደማው ነው። ቆዳውንና ፍሪምባውን ግንድ ላይ ስቀይለት፤ ባለቤቱ ሲመጣ ይወስዳል።»

«ከእኔ ማሳ ለማንም የሚወጣ ድርሻ የለም። እሱ በቆሎ ዘርቷል? አርሟል? ባለቤት ከሆነ በእግሩ ይምጣና ይጠይቀኝ!»

ይህን ያለችው ወደ ወንዙ ዞራ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ነው። ማዶ ያሉት እንቁራሪቶች ባንዴ ዝም አሉ። ጫኔ የሰጠችውን የሥጋ ድርሻ እንኳ ሳይቀበል ሄደ። ውሻዋ ቡሬም የጣለችለትን አጥንት አሸተተና ጅራቱን እግሩ መሀል ሸጉጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አንተም ሕግ አዋቂ ሆንክ?» አለችው፤ አጥንቱንም አንስታ ወረወረችበት።

በማግስቱ ቡሎኑን አጠበቀች፤ ቅሉን መታች፤ መሀሉን። ማታ አንዲት እንስት ድኩላ ስትመጣ ግንባሯን አነጣጥራ ተኮሰች፤ ያችም ከግራ ጆሮዋ ሥር ተበስታ፣ ደሟ ደርቆ፣ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ተገኘች። ይመናሹ በንዴት ጥርሷን እያፋጨች ጥይቷን ስትፈልግ ከኋላ ካለው የዋንዛ ግንድ ውስጥ ተሰክቶ አገኘችው። ስታለች ማለት ነው። ስታ ሳለ ድኩላዋ ወድቃለች። ቅል ላይ ቀጥ፣ ድኩላ ላይ ጠማማ የሚሆን መነጽር! እንዳልክን እስከ ሰባት ቤቱ ረገመችው። የሚነደው ባሩድ ሽታ ከራሷ ጠመንጃ ሳይሆን ከወንዙ በኩል በነፋስ እየመጣ መሆኑን አፍንጫዋ ነግሯት ነበር፤ እሷ ግን ከአፍንጫዋም ጋር ተጣላች። ይህንም ሥጋ ዘልዝላ ሰቀለች፤ ቆዳውን አልጋዋ ላይ አነጠፈች፤ ለማንም ምንም አልተወችም።

በሦስተኛው ማታ ማማው ላይ ስትወጣ ቡሬ መሰላሉ ሥር ተኛ። ወንዙ ይሰማል፤ በቆሎው እርስ በርሱ እየተፋተገ ደረቅ ወረቀት እንደሚቀድ ሰው ይሸከሸካል፤ ከዚያ በቆሎው ሳይቀር ጸጥ አለ። ገና ሳትተኩስ ባሩድ ሸተታት። በባዶ ዓይኗ ማዶው እንደ ምድጃ ውስጥ ጠቁሯል። መነጽሩን ስታስጠጋ እንደ ረፋድ በራ፤ በዚያ ብርሃን ማዶ ካለው ግራር ሥር አንድ ክብ ነገር ብልጭ ሲል አየች። መስታወት ነው። ከመስታወቱ ኋላ ሰደፍ ላይ የተኛ ጉንጭ አለ፤ ጉንጩ የአፈር ቀለም አለው።

ዓይኗን አነሳች፤ ምንም የለም። መለሰች፤ ብልጭታው ከግራሩ ሥር ሳይሆን ከወንዙ ወዲህ ነበር። ዓይኗን ጠርጋ ለሦስተኛ ጊዜ አየች፤ በበቆሎው መሀል፣ አገዳዎቹ ሳይነቃነቁ።

«ማን ነህ?» አለች። «ጫኔ፣ አንተ ከሆንክ ታሪክህን ነው የማጠፋው!»

ያኔ አንድ ድኩላ ከወንዙ ወጣ። «ይሄ ሰው ሊቀድመኝ ነው የመጣው፣ በገዛ ማሳዬ!» ስትል ንዴቷ ፍርሃቷን ዋጠው። መስታወቱ ግን ወደ ድኩላው አልዞረም። ያን ማየት ነበረባት። ድኩላውን ብቻ እያየች ምላጩን ሳበች፤ ተኩሱ ከገደል ገደል ተላተመ፤ ድኩላውም ቀና ብሎ አያትና በሰላም ተመልሶ መብላቱን ቀጠለ።

«ኤዲያ ርካሽ!» ብላ ተፋች። «ነገ እንዳልክ ፊት ላይ ካልወረወርኩት ይመናሹ አይደለሁም።»

ጠመንጃውን ከማማው ግድግዳ አስደግፋ ተቀመጠች። ከግራ ጆሮዋ ሥር ዝንብ እንዳረፈባት በላት። አከከችው። ጣቷ ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ ገባ፤ ሕመም የለውም፤ ከዙሪያው እንደ ሬንጅ የደረቀ ነገር እየተላጠ ጥፍሯ ሥር ቀረ። እግሯ፣ ሳታዘው፣ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቡሬን ልትጣራ አፏን ስትከፍት ውሻው ከታች አንዴ አለቀሰና እየሮጠ ራቀ።

ከዚያ የመሰላሉ የታችኛው እርከን ሲጥ አለ፤ ቀጥሎም ሌላው፤ የሚወጣው አልተቻኮለም፣ ድርሻውን ሊለምን ሳይሆን ንብረቱን ሊያነሳ እንደመጣ ሰው።