ካፖርቴን የያዘው

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ኢንተርናሽናል አቬኑ የሚሉት ጎዳና ላይ ባለችው ሱቄ ከበርበሬና ከሻንጣ ጎን የቡዳ መከላከያ ጨሌ እሸጣለሁ፣ ጨሌው ተራ ብርጭቆ መሆኑን ደግሞ ከሻጩ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ዊንተር ልጄ ሳሮን ቴክስት አደረገችልኝ። ስምንት ወር አልተነጋገርንም ነበር፣ ብቻዬን ልኑር ብላ ታራዴል ሰፈር ካለው ቤታችን ስትወጣ «በዚህ በር ከወጣሽ አባት የለሽም» አልኳት፣ እሷም ወጣች፣ እኔም ቃሌን አላጠፍኩም፣ ሞኝነት መሆኑን ለማወቅ ስምንት ወር በቂ ነው። «እራት ልጋብዝህ» አለችኝ፣ ወጣቱ በዚያ ብርድ የሚሰለፍበት የጃፓኖች መጠጥና ምግብ ቤት፣ ኢዛካያ የሚሉት።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ፣ ባንኮኒው ጋ አስቀመጡኝ፣ ለሳሮን በያዝኩላት ባዶ ወንበር ላይ ካፖርቴን ጣል አደረግኩ። ሰው በገባ ቁጥር አብሳዮቹ ባንድ ድምፅ በጃፓንኛ እንኳን ደህና መጣህ ብለው ይጮሃሉ፣ መጀመሪያ ጠብ የተነሳ መስሎኝ ነበር። ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። ዝም ብሎ ወንበር መያዝ አሳፍሮኝ ሩዝና ጥብስ ዶሮ አዘዝኩ፣ እነሱ በሚበሉባቸው ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች መብላት ሞክሬ አልሆነልኝም፣ ሩዙ መሃል ቀጥ አድርጌ ተከልኳቸውና ሹካ ጠየቅኩ።

ዶሮውን ልጎርስ ስል በሩ ተከፈተ፣ ብርዱ ማጅራቴን ነካኝ፣ አብሳዮቹ ጮኹ፣ እኔም እንደለመደብኝ ዞር ሳልል «እንብላ» አልኩ። ስዞር ማንም የለም። ከዚያ አጠገቤ ያለው ባዶ ወንበር ሲጥ አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ሽማግሌ ሲቀመጥበት እንደሚለው። አሮጌ ወንበር ነው ብዬ ተውኩት።

ከደረስኩ አንድ ሰዓት ሞላኝ። በሕይወቴ ለማንም ይህን ያህል ጠብቄ አላውቅም፣ ልታዋርደኝ ነው የጠራችኝ ብዬ ተነሳሁ፣ ቁጥሯንም ከስልኬ ላጠፋ፣ እመነኝ፣ ጣቴ እዚያው ላይ ነበር። ካፖርቴን ሳብ ሳደርገው አልመጣም። ደግሜ ሳብኩት። ሚስማር ይዞት ይሆናል ብዬ ዳበስኩ፣ ሚስማር የለም፣ ጫፉ ግን ሰው እንደተቀመጠበት ወንበሩ ላይ ተጣብቋል። ሰው እያየኝ ከወንበር ጋር ስታገል በሩ ተከፈተ፣ አብሳዮቹ ጮኹ፣ ካፖርቱም ያለ ምንም ትግል እጄ ገባ።

ሳሮን ነበረች፣ ሽፋሽፍቷ በረዶ ይዞ።

«ሶሪ አባዬ፣ ትሬይኑ ቆመ፣ ስልኬም በብርዱ ዳይ አደረገ፣ አይ ስዌር፣ ሄደሃል ብዬ ነበር።»

«ልሄድ ነበር።»

«እና?»

«ካፖርቴ እምቢ አለኝ።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ፣ አቀፍኳት። ወንበሩ ላይ ቁጭ ከማለቷ ግን ብድግ አለች።

«ማን ተቀምጦ ነበር? ይሞቃል።»

«ካፖርቱ ነዋ» አልኳት፣ እኔ ራሴ ሳላምን።

የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ጃፓናዊት አሮጊት ናቸው፣ በዚህ መሃል መጥተው የተተከሉትን እንጨቶች አዩና በሁለት እጃቸው ቀስ ብለው ነቀሏቸው። «እንዲህ የሚተከለው ለሞተ ሰው ምግብ ሲቀርብ ነው» አሉኝ በእንግሊዝኛ፣ ሳይቆጡ። «ግድ የለም፣ አላወቁም። ብላ ብለው እስካልጠሩት ድረስ ችግር የለውም።»

ሳሮን የተነሳችበትን ወንበር ዞሬ አየሁት።

ሳሮን አሁን በየእሁዱ ቤት ትመጣለች። ካፖርቴን ማን እንደያዘልኝ አላውቅም፣ ባውቅ አመሰግነው ነበር። ሱቄ ውስጥ ምሳ ስበላ በሩ ከተከፈተ ግን ቀና ብዬ ሰው መሆኑን ሳላይ እንብላ አልልም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው፣ ያን ቀን ሩዙን ሲያነሱት አልተነካም ነበር፣ በአፌ ጠርቼው፣ ውለታ ውሎልኝ፣ ሳይቀምስ ነው የሄደው።