ከባቄላ በሊታዎቹ የተላከ ኮላ

ሲታን ዲያራ ወደ ሬዲዮ ልትመለስ መሆኑን ለብሬማ የነገረችው የባቄላ ጥብሷን ከፈላ ዘይት እያወጣች ነበር።

«ሰኞ ጠዋት እጀምራለሁ» አለችው። ቀና ብላ አላየችውም።

ልብስ ሰፊው ብሬማ ትራኦሬ የያዘው ጥብስ አፉ ሳይደርስ ቀረ። ደስ አለው። ግን ትራኦሬ ነውና በደህና ቃል ሊመልስላት አልቻለም።

«ጉድ ፈላ! ከእንግዲህ ባቄላው በሬዲዮም ሊሸተን ነው!»

«አንተ ደግሞ ጆሮህን ድፈን! መድፈኛ ባቄላ ከቤትህ አይጠፋ!»

በማሊዋ ሴጉ ከተማ የትራኦሬና የዲያራ ጎሳዎች ከቅድመ አያት ጀምሮ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው። ሰርግም ይሁን ልቅሶ ቤት፣ በተገናኙ ቁጥር «ባቄላ በሊታ» እየተባባሉ ይሰዳደባሉ። የተሰደበ አይቀየምም፤ ሳይመልስ ዝም ማለት ግን ነውር ነው።

ብሬማን የጎዳው ይኸው ልማድ ነበር። ሲታንን የወደዳት ገና በወጣትነቷ፣ በሰፈሩ ሬዲዮ የሰርግና የልቅሶ ማስታወቂያ ስታነብ ነው። ያኔ «አግቢኝ» ብሏት ነበር። «ዕድሜዬን ሙሉ ባቄላ ስቀቅል ልኑርልህ?» ብላ እየሳቀች ሄደች። ትራኦሬ ለዲያራ የሚናገረውን ማን ከምር ይወስዳል?

ሌላ ሰው በአገሩ ወግ የጋብቻ መጠየቂያውን የኮላ ፍሬ ልኮ አገባት። ሰውየው የሚስቱ ድምፅ በየሱቁ መሰማቱን አልወደደም፤ ሬዲዮውን አስተዋት። ትዳሩ ሲፈርስ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰችና ከብሬማ መስፊያ ቤት ፊት ለፊት መጥበሻዋን ጣደች።

ያን ሰሞን ስድብ እንኳ አትመልስም ነበር። ብሬማ ሲሰድባት ዘይቱን ብቻ ታያለች። እሱም መስደቡን አልተወም፤ ሌላ ማጽናኛ አያውቅም።

ጥብስ ሊገዙ የሚመጡ ሴቶች አግዳሚዋ ላይ እየተቀመጡ የሆዳቸውን ያጫውቷታል። እሷም ትሰማለች። አንድ ቀን ብሬማን መልሳ ሰደበችው፤ መርፌው ጣቱን እስኪወጋው ሳቀ። አሁን ደግሞ በገዛ እግሯ ሬዲዮ ጣቢያው ሄዳ «ማስታወቂያ አላነብም፤ የጠዋቱን ሰዓት ስጡኝ፣ ከገበያ ሴቶች ጋር እናወራበታለን» ብላ አሳምናቸዋለች።

«አልፈራሽም?» አላት ብሬማ፤ ቀልዱን ትቶ።

ጥብሱን በጭልፋ ገለባበጠች። ዘይቱ ብቻውን ተንጫጫ።

«ፈርቻለሁ። አንዳንዴ ድምፄን ያ ሰው ይዞት የቀረ ይመስለኛል።»

ሊላት የፈለገው ብዙ ነበር። «ባቄላ ነው ያነቀሽ፤ ውሃ ጠጪበት» ብቻ አላት። ሳቀች። ከሳቋ በኋላ ግን ዓይኗን ቶሎ አልነቀለችም፤ እሱም አልነቀለም።

ሰኞ ጠዋት የገበያው ሴቶች የብሬማን ሬዲዮ ከበቡ። ሙዚቃው ቆመ።

«እንደምን አደራችሁ። ሲታን ዲያራ ነኝ...»

ከዚያ ጸጥ አለ። ጸጥታው ረዘመ። ዓሣ ሻጯ ኮሮቱሙ ደረቷን ይዛ «ምነው ልጄ፣ ምነው!» አለች። የብሬማ እግር የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ደርቆ ቀረ።

«አይዞሽ» ሊላት ፈለገ። ግን ያውቃታል፤ «አይዞሽ» ብትባል ታለቅሳለች። ስልኩን አንስቶ ወደ ጣቢያው ደወለ፤ ባለሙያው በቀጥታ ስርጭቱ ላይ አስገባው።

«አንቺ ዲያራ! ባቄላውን ዋጥ አድርጊና ተናገሪ እንጂ! ከተማው እየጠበቀሽ ነው!»

ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ...

«ይሄ ትራኦሬ መሆን አለበት፤ የባቄላው ሽታ በስልክ መጣ! እናቶቼ፣ ይህን ሰው ሱሪ እንዳታሰፉት፤ አንዱን እግር ያሳጥረዋል!»

ገበያው በሳቅ ተናጋ። የሲታን ድምፅ ተከፈተ፤ አልቆመም። ኮሮቱሙ ደውላ የዓሣዋ ማቀዝቀዣ በረዶ ስለተወደደባት ብሶቷን ስታወራ፣ ሲታን ጠየቀቻት፤ ጠይቃም ጠበቀቻት። ብሬማ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። ያኔ ድምፅዋ ያምር ነበር። አሁን ግን ሰው የሚጠለልበት ሆኗል። ያን ሁሉ ዓመት ያለቀላት መስሎት ሳለ፣ እዚያ አግዳሚ ላይ እያደገች ነበር ለካ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ባባ ሴኩ ዘንድ ሄደ።

«አባባ፣ ኮላ ይዘውልኝ ይሂዱ።»

«ለማን?»

«ለዲያራዎቹ ልጅ፣ ለሲታን።»

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። «አንተ ቀልደኛ!»

«ኮላ ገዝቶ የሚቀልድ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

ቀና ብለው አዩት፤ ሳቃቸው ቆመ። በኮላ አይቀለድም። ከተመለሰ እምቢ ነው፤ ለጎረቤት ከታደለ እሺ ነው።

«ምን ብዬ ላቅርብ?»

«ከሬዲዮው አላስቀራትም ይላል ይበሏቸው። እሷ ታውራ፣ እኔ እየሰፋሁ እሰማታለሁ።»

ኮላው ሄደ። እስኪመሽ መልስ አልመጣም።

በማግስቱ ሲታን ፕሮግራሟን እስከ መጨረሻው አቀረበች። ብሬማ ክር ማስገባት አቅቶት መርፌውን አስቀመጠው።

«ማስታወቂያ አላነብም ብዬ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ዛሬ ግን አንድ አለኝ። ለልብስ ሰፊው ለብሬማ ትራኦሬ፦ የላክኸው ኮላ ደርሷል። ከደቃቅነቱ የተነሳ ባቄላ መስሎኝ ልቀቅለው ነበር። እናቴ ግን ነጥቃኝ ለጎረቤት ሁሉ አድላዋለች።»

ገበያው በእልልታ ቀለጠ። ኮሮቱሙ ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው፤ «አንተ ትራኦሬ! ተሰደብክ እኮ! ደውልና መልስላት እንጂ!»

ብሬማ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። በእጁ የያዘውን ቁራጭ ጨርቅ ዓይኑ ላይ አደረገ።

በሴጉ ስድብ ሳይመልሱ ዝም ማለት ነውር ነው። ያን ጠዋት ግን ማንም አልነቀፈውም።