የተገናኙ ስልኮች፦ ሁለት

ይሄ የፈጠራ ወሬ አይደለም። ፍሬሰላም ራሷ የነገረችኝ ነው። ጨለማም አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ካዛንቺስ፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ፍሬሰላም ስታዲየም አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ ትጠግናለች። ጊታሪስቱ ወንድሟ ማሙሽ አንድ የድሮ አምፕሊፋየር ነበረው፤ ውስጡ ያሉት የመስታወት ቫልቮች ግለው ካልቀሉ ትንፍሽ የማይል። እየተነሳ ድምፅ ማዞሪያውን መነካካት ሲሰለቸው ዲጂታል መቆጣጠሪያ ቦርድ ገጠመችለት። በቃ፣ ስልኩ ላይ አፑን ከፍቶ ጣቱን ወደ ላይ ሲጠርግ ማዞሪያው በራሱ ይዞራል። አምፑን የሚያዙት ሁለት ስልኮች ብቻ ናቸው፤ የሷና የሱ። ያውም አስር ሜትር ውስጥ ካሉ።

ማሙሽ ከጠፋ አራት ወሩ። አብሮት የሚኖረው ዮአብ "ዱባይ ሄዷል፣ ስልኩንም ይዞ" ይላል። እህቱን ሳይሰናበት? ዱባይ ደግሞ ስልክ አይሠራም እንዴ? ነገሩ አልዋጥላት ብሏል።

በዚያ ቀን ዮአብ ደወለላት።

"አምፑን ልሸጠው ነው። በራሱ እየበራ አስቸግሮኛል፣ ነይና ያንን ቦርድ ንቀይልኝ።"

ሄደች። ዙሪያው ያሉት ቤቶች ፈርሰዋል፤ የቀረው የነሱ ግቢ ብቻ ነው። ከአጥሩ ውጪ የቀን ሠራተኞች ድንጋይ ይጭናሉ።

አምፑ አልበራም። ቫልቮቹን ነካ አደረገቻቸው... ይፋጃሉ።

"አሁን ነው ያጠፋኸው?"

"ሶኬቱን ከነቀልኩት ሁለት ሳምንቴ" አለ በሹክሹክታ።

እውነቱን ነው፤ ገመዱ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

ስልኳን አውጥታ አፑን ከፈተች።

የተገናኙ ስልኮች፦ ሁለት። የፍሬሰላም። የማሙሽ።

ክው አለች።

"ዮአብ... የማሙሽ ስልክ የት ነው ያለው?"

"ይዞት ሄደ አልኩሽ እኮ!"

አፑ የሌላው ስልክ ምን ያህል እንደሚቀርባት በሲግናል ያሳያል፤ ስልኳን ይዛ ተራመደች። ወደ በሩ ስትሄድ የማሙሽ ሲግናል ይቀንሳል። ወደ ጓዳው ስትጠጋ ይሞላል።

የጓዳው ወለል አሮጌ ነው... መሀል ላይ ግን አራት አዲስ ሴራሚክ ተነጥፏል።

ወይኔ ወንድሜ!

ከኋላዋ በሩ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ።

"ቦርዱን ንቀይና ሂጂ ነው ያልኩሽ" አለ ዮአብ። "ምን ያነፈንፍሻል?"

መዶሻ ይዟል።

ያኔ የአምፑ ማዞሪያ በራሱ መዞር ጀመረ... ቀስ... ቀስ ብሎ...

ሦስት... ሰባት... አስር።

ቫልቮቹ ቀሉ። አምፑ ጮኸ። ጮኸ ብቻ ይባላል? ቤቱን ነቀነቀው እንጂ! ዮአብ መዶሻውን ጥሎ ጆሮውን ያዘ። ሠራተኞቹ ደንግጠው በሩን ገንጥለው ገቡ።

ፖሊስ ሴራሚኩን ሲያነሳ ማሙሽ እዚያ ነበር።

"የወንድምሽ ስልክ ነው?" ብለው አሳዩዋት። ባትሪው ካለቀ ወራት አልፎታል አሉ። ስክሪኑ የሲሚንቶ አቧራ ለብሷል።

አንድ ቦታ ብቻ ንጹሕ ነው...

አውራ ጣት ወደ ላይ የጠረገው መስመር።