የሁለቱ ሞተሮች ፍሬን

መምህር ማቴዎስ ከዶርዜ በታች ባለው መታጠፊያ፣ ከቀዩ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ሦስት ሜትር ርቆ በደረቱ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር አገኘሽ ጎንበስ ብላ የፍሬኑን ገመድ ሳብ አደረገችው፤ ያለ ምንም ትግል መጣላት። አልተበጠሰም። የሚይዘው ብሎን ላልቷል፤ የፊቱም የኋላውም።

«ይኼ የሰው እጅ የነካው ነው» አለች።

ማቴዎስ ተራራው ላይ ጨንቻ ያስተምራል፤ ከታች ሲቀላ ከተማ ወዳለችው ሚስቱ ወደ ዕድላዊት የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር። በየማታው ቤቱ ለመግባት ብሎ ሁለት ያገለገሉ ሞተሮች ያማርጥ ጀመር፤ የኤርጫፎን ቀይና የዘመድኩንን ሰማያዊ። የባትሪ ጉዳይ በወሬ አይታመንምና፣ ለኤርጫፎ መታወቂያውን፣ ለዘመድኩን የዲግሪ ወረቀቱን አስይዞ ሁለቱንም ግቢው ውስጥ ቻርጅ ሲያደርግ አሳደረ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መካኒኩ ቴዎ መጥቶ ሊያያቸው ተቀጣጥረዋል። እሱ ግን ማልዶ በቀዩ ጨንቻ ወጣ፤ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ቀረ።

የአገኘሽ አለቃ ኤርጫፎን ወዲያው አሳሰረው። ሞተሩ የሱ ነዋ! እንዲህ ያለ ችኮላ አገኘሽን ያንገበግባታል።

«ጌታ ምስክሬ ነው፣ ትናንት ፍሬኑ ደህና ነበር» አለ ኤርጫፎ። «አራት ልጆች አሉኝ፣ ኢንስፔክተር። ባልሠራሁት ነው የምበሰብሰው?»

የሟቹ ደብተርም የሱን ቃል ደገፈ፦ «ቀዩ፦ ዳገት ይችላል፣ መቀመጫው ተቀዷል፣ ፍሬን ጥሩ። ሰማያዊው፦ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፣ ለዕድላዊት ይመቻታል፣ ፍሬን ጥሩ።»

አገኘሽ ቀጥላ ዘመድኩንን ጠየቀችው። «የሰው ሞተር ነክቼ ምን አገኛለሁ?»

«ያንተን እንዲገዛልህ ነዋ።»



ዕድላዊት ቤት ለቅሶ ነው። ግድግዳው ላይ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በሞተር አደጋ የሞተው ወንድሟ ፎቶ ተሰቅሏል። «ምን ነበር ቴዎ እስኪያየው ቢቆይ!» ትላለች ደጋግማ። አገኘሽ ወደ ግቢው ወጥታ ሰማያዊው ሞተር አጠገብ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሁሉንም እዚያው አስጠራቻቸው፤ ኤርጫፎም በካቴና መጣ።

«ቴዎ፣ የሰማያዊውን ፍሬን ጠበቅ አድርገህ ያዘው።»

ቴዎ ያዘው። ገመዱ ሾልኮ ወጣ። «ይኼም ላልቷል!»

«አዎ። ዘመድኩን ቢሆን ቀዩን ብቻ ነበር የሚያበላሸው። ኤርጫፎ ቢሆን የራሱን አይነካም። ሁለቱንም ያላላው፣ ማቴዎስ የትኛውንም እንዳይገዛ የፈለገ ሰው ነው። ገመዱን አልቆረጠም፤ መካኒክ አይቶ እንዲያገኘው ነው ያላላው። ሜዳው ላይ ቀስ ተብሎ ሲያዝ ችሏል፤ ቁልቁለቱ ላይ ጨምድዶ ሲይዘው ከዳው። ሰው ሁሉ ‹ማን ገደለው› ሲል፣ አንድ ሰው ብቻ ‹ቴዎ እስኪያየው ቢቆይ› ብሎ አለቀሰ።»

ሁሉም ወደ ዕድላዊት ዞሩ።

«ቴዎ ሁለቱም አይረቡም ብሎት መግዛቱን ይተወዋል ብዬ ነው!» አለች። «ሞተር ወንድሜን በልቶብኛል። እሱንም እንዳይበላብኝ ብዬ … ለምን ማለደ? ለምን?»

አገኘሽ ባታነብላት በወደደች። ግን የተጠየቀችው ይኼው ነበርና የደብተሩን የመጨረሻ መስመር አነበበችላት፦ «ነገ በማለዳ ጨንቻ ደርሼ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ከተመለስኩ፣ ከእንግዲህ በየቀኑ ቤቴ አድራለሁ ማለት ነው።»

ካቴናው ከኤርጫፎ እጅ ተፈቶ ወደ ዕድላዊት ዞረ። ዘመድኩን በመያዣ የተቀበለውን የማቴዎስን የዲግሪ ወረቀት ከጃኬቱ አውጥቶ ለማን እንደሚመልሰው ቸገረውና ወደ እሷ ዘረጋው። እጇ ታስሯል። አገኘሽ ተቀበለችላት።